ድንገት ያልደረሰ ጉዳት

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 97 በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋን ሲተረጉም ጉዳቱ በድንገት የደረሰ መሆን እንዳለበት ያስቀምጣል። ሠራተኛው ከመሰላል ቢወድቅ፣ ማሽን ጣቱን ቢቆርጠው፣ የተከመረ ጆንያ ተንዶ ወገቡን ቢመታው፣ ነገሩ ለዳኛም ለሐኪምም ለአስተዳደር ኃላፊውም ግልጽ ነው። ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ አይቻለሁ የሚል ምስክርም አይጠፋም። በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግሁት ግን ቀንም፣ ሰዓትም፣ ምስክርም የሌለውን ጉዳት ነው። አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ፣ ለዓመታት እየደጋገመ የሠራ እጅ አንድ ጠዋት አልታዘዝም ሲል ሕጋችን ምን ብሎ ይጠራዋል?

ብዙዎቻችን «ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ» ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው የኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት መስመር ወይም ኮምፒዩተር ላይ ያቀረቀረች ጸሐፊ ነው። እኔ ግን አንባቢን ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ካፋ ልወስድ እፈልጋለሁ። የካፋ ዞን ዋና ከተማ ቦንጋ፣ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከተሞች አንዷ፣ ለአብዛኛው ሰው የቡና መገኛ ናት። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም እዚያ ነው የተሠራው። ደኑንም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ሆኖም ከቦንጋ ተነስቶ ወደ ሚዛን አማን በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች የተጓዘ ሰው ድንገት መልኩ የተለወጠ አገር ያገኛል። ግራና ቀኙ እንደ ምንጣፍ የተስተካከለ አረንጓዴ ነው፤ ውሽውሽ፣ የሻይ አገር።

ቡና ወቅት አለው። ሲቀላ ይለቀማል፣ ሲያልቅ እጅ ያርፋል። ሻይ እንደዚያ አይደለም። በዝናቡ ወራት ይበዛል፣ በበጋ ይቀንሳል እንጂ ቁጥቋጦው በተለቀመ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና አቆጥቁጦ ይጠብቃል። ለቃሚው በወገቡ ልክ በተከረከመው ቁጥቋጦ መካከል ቆሞ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ ይቀነጥሳል፣ እፍኙ ሲሞላ በትከሻው ላይ አሳልፎ ወደ ጀርባው ቅርጫት ይጥላል፣ ደግሞ ይቀነጥሳል። የቀኑ መጨረሻ ሚዛን ነው። ስንት ኪሎ?

ይህን ስል በአንድ እርሻ ላይ ክስ ማቅረቤ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የማነሳው የሥራውን ጠባይ ነው። ይህ ጠባይ በኬንያ ኬሪቾም፣ በስሪላንካም፣ በኢሉባቦር ጉማሮም አንድ ነው።

ሁለተኛው በር

ጉዳቱ ድንገተኛ ካልሆነ አንቀጽ 97 አይረዳም። ሠራተኛው ያለው ሌላው በር አንቀጽ 98 ነው፤ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ። ድንጋጌው ሰፋ ያለ ነው። በፊዚካል፣ በኬሚካል ወይም በባዮሎጂካል ነገሮች አማካይነት፣ ከሚሠራው የሥራ ዓይነት ወይም ከሥራው አካባቢ የተነሳ የሚደርስ የጤና መታወክ ይላል። እዚህ ላይ «ድንገት» የለም። በአንቀጽ 96 መሠረት ደግሞ የአሠሪው ኃላፊነት ጥፋት ይኑረውም አይኑረውም የሚጸና ነው። ሠራተኛዋ አሠሪዋ ክፉ መሆኑን ማስረዳት አይጠበቅባትም። ሕመሟ ከሥራው የመጣ መሆኑ ከታወቀ በቂ ነው።

የሚከብደው ይህ «ከታወቀ» የሚለው ነው። አንቀጽ 98 ለዚህ ሦስት መንገድ ከፍቷል። አንደኛው፣ ሚኒስትሩ በመመሪያ በሚያወጣው ሠንጠረዥ ውስጥ በሽታው ከሥራው ጋር ተያይዞ ከተዘረዘረ፣ በዚያ ሥራ ላይ የነበረ ሠራተኛ በበሽታው መያዙ ብቻውን ማስረጃ ነው። ሁለተኛው፣ ባይዘረዘርም በማስረጃ ማስረዳት ይፈቀዳል። ሦስተኛው ብዙ ጠበቃ የሚዘነጋው ነው። በአንድ ዓይነት ሙያ በተሠማሩ ሰዎች ላይ ብቻ አዘውትሮ የሚታይ በሽታ ከሆነና ሐኪም ሕመሙን ካረጋገጠ፣ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ ከሥራው እንደመጣ ይገመታል። ሠንጠረዡ በየአምስት ዓመቱ ቢያንስ አንዴ መከለስ እንዳለበትም አዋጁ ያዛል። ሠንጠረዥ ማውጣት ድሮ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራ ነበር፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ኃላፊነቱ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ዞሯል።

እዚህ ላይ አንድ የአሠሪ ጠበቃ ሊያነሳው የሚችል፣ ለመናቅም የማይመች ክርክር አለ። «ፊዚካል» ማለት ጩኸት፣ ንዝረት፣ ሙቀት፣ ጨረር ነው ሊል ይችላል። የእጅ ድግምግሞሽ ከዚህ ውስጥ የለም። እንዲያውም ራሱ አዋጁ በአንቀጽ 92 የአሠሪን ግዴታ ሲዘረዝር ኢርጎኖሚክ የሆኑትን አደጋዎች ከፊዚካሉ ለይቶ ጠርቷቸዋል። የተለየ ስም የተሰጠው ነገር በአንቀጽ 98 ሳይጠራ ሲቀር ሆን ተብሎ የተተወ ነው ይባላል። ክርክሩ ቃል በቃል ሲነበብ ያስኬዳል። እኔ ግን አልቀበለውም። አሠሪው ሠራተኛውን ከኢርጎኖሚክ አደጋ እንዲጠብቅ በአንድ አንቀጽ አስገድዶ፣ አደጋው ሲደርስና ሠራተኛው ሲታመም ግን ይህ በሽታ አይደለም የሚል ሕግ ከራሱ ጋር የሚጣላ ሕግ ይሆናል። ጅማት ላይ የሚያርፍ ጫና፣ አንጓ ላይ የሚያርፍ ጉብጠት፣ ከዚህ የበለጠ ፊዚካል ምን አለ?

ሁሉም ሰው ይደጋግማል

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንግባ። በአንቀጽ 98 ብንገባም «ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ» የሚለውን ቃል ካልተረጎምን ሩቅ አንሄድም። መራመድ መደጋገም ነው። መተንፈስ መደጋገም ነው። ዳኛም በቀን ስንት ጊዜ ይፈርማል። ሁሉም ሰው የሚደጋግም ከሆነ ቃሉ ማንንም አይለይም። ማንንም የማይለይ ቃል ደግሞ ችሎት ፊት ዋጋ የለውም።

ነገሩን አስቀድሞ ያየው ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1713 ባሳተመው በሠራተኞች በሽታ ላይ ያተኮረ መጽሐፉ የጸሐፊዎችን ሕመም ሲያትት ሦስት ምክንያት ሰጠ። ሁልጊዜ መቀመጥ፣ የእጅ ያላቋረጠ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴና የአእምሮ ድካም። (የእኛ ቁም ጸሐፊዎች ብራናውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በመቃ ብዕር ዳዊት ሲደጉሙ የኖሩ ናቸው። የእነሱን አንጓ ያየ ሐኪም ቢኖር ኖሮ ራማዚኒን ሳይቀድመው አይቀርም ነበር።) እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1908 የቴሌግራፍ ሠራተኞችን የእጅ መኮማተር ካሣ ከሚያስገኙ የሥራ በሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገቡት። እንግዲህ ነገሩ ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ አይደለም።

ነገር ግን መዝገብ ውስጥ ያልገባው ድግምግሞሽ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ምን እንደሚገጥመው ያው እንግሊዝ አገር አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1993 ለንደን ውስጥ አንድ ጋዜጠኛ በጽሕፈት ብዛት እጄ ተጎዳ ብሎ አሠሪውን ሲከስ፣ ዳኛው በተደጋጋሚ ጫና የሚደርስ ጉዳት የሚባለው ስያሜ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ቦታ የለውም ብለው ጥያቄውን ውድቅ አደረጉት። አሜሪካኖችም ጉዳዩን በደንብ ለመግዛት ሞክረው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 ሰፊ የኢርጎኖሚክስ ደንብ አወጡ፤ በመጋቢት 2001 ኮንግረሱ ሻረው። አራት ወር እንኳ በቅጡ አልኖረም።

በቃል ብቻ የተጻፈ ነገር የሚቆመው ቁጥር ሲኖረው ነው። የሥራ ጤና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ቁጥር ሰጥተውታል። በአሜሪካ የተጀመረውና እስካሁን በብዛት የሚጠቀሰው መለኪያ ሁለት እግር አለው። የሥራው ዙር፣ ማለትም ከአንዱ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ያለው ጊዜ፣ ከ30 ሰከንድ ካነሰ ሥራው ከፍተኛ ድግምግሞሽ ያለው ነው። ወይም ዙሩ ረጅም ቢሆንም ከግማሹ በላይ የሆነው ጊዜ በአንድ ዓይነት መሠረታዊ እንቅስቃሴ ከተያዘ እንዲሁ ነው። ይህ ሁለተኛው እግር ለጠበቃ ወርቅ ነው። «አንዱ ቁጥቋጦ ከሌላው ይለያል፣ ስለዚህ ሥራው አንድ ዓይነት አይደለም» የሚለውን ክርክር ከመንገድ ያስወግደዋልና።

ጣሊያኖች ደግሞ ሚላኖ ላይ ሌላ ስሌት አዳበሩ። ዙሩን ሳይሆን በአንድ ክንድ በደቂቃ የሚፈጸሙትን ተግባራት ይቆጥራል። መዘርጋት አንድ፣ መያዝ አንድ፣ መቀንጠስ አንድ። መነሻው በደቂቃ 30 ነው። ከዚያ በኋላ ጉልበት ሲጨመር፣ አንጓ ሲጠመዘዝ፣ ዕረፍት ሲጠፋ የሚፈቀደው ቁጥር እየወረደ ይሄዳል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ደረጃም ይህን አካሄድ ተቀብሎታል። ዕረፍቱ ሲሰላ 50 ደቂቃ ተሠርቶ 10 ደቂቃ ማረፍ እንደ ጥሩ መጠን ይወሰዳል።

ወደ ሻዩ እንመለስና ራሴ ልቁጠር። ቁጥሮቹ የማንም እርሻ አይደሉም፤ ስሌቱን ለማሳየት የወሰድኳቸው ናቸው። አንዲት ለቃሚ በቀን 30 ኪሎ አስረከበች እንበል። ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ አንድ ግራም ይመዝናል ብንል 30,000 ቀንበጥ ማለት ነው። እጇ የለመደ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ሦስት ትይዛለች፤ 10,000 ቅንጠሳ። በሁለት እጇ ትካፈለዋለች፤ ለአንድ እጅ 5,000። ስምንት ሰዓት 480 ደቂቃ ነውና በደቂቃ ከ10 ትንሽ ይበልጣል፣ በየስድስት ሰከንዱ አንድ ጊዜ ማለት ነው። በአሜሪካኖቹ መለኪያ ጥያቄም የለው። በጣሊያኖቹ ብንሄድ ደግሞ እያንዳንዱ ቅንጠሳ ዘርጋ፣ ያዝ፣ ቀንጥስ ነውና 31 ተግባር ይመጣል። ወደ ቅርጫት መወርወሩን አልቆጠርኩም። ውኃ የምትጠጣበትን፣ ከመስመር ወደ መስመር የምትሻገርበትን ደቂቃም ከ480ው አልቀነስኩም። ቢቀነስ ፍጥነቱ ከዚህ ይብሳል።

ለኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። በብዙ ሥራ ላይ ድግምግሞሽን ለማስረዳት ባለሙያ ካሜራ ይዞ መቆም አለበት። በኪሎ የሚከፈል ሥራ ግን ማስረጃው በየቀኑ ሲጻፍ የኖረ ነው። ሚዛኑ ጋ የተቀመጠው ሰው ስሟን፣ ቀኑን፣ ኪሎውን ይጽፋል። ደመወዝ ለመክፈል የተያዘው መዝገብ የእጇም እንቅስቃሴ መዝገብ ነው። ሠራተኛዋ ጠበቃ ካላት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የሐኪም ወረቀት አይደለም፤ የሚዛን መዝገቡ እንዲቀርብ ነው።

«ና» የምትለዋ ፊደል

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በምክረ ሐሳብ ቁጥር 194 የሥራ በሽታዎችን ዘርዝሯል። ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. በ2010 ተከልሷል። የጡንቻና የአጥንት ሕመሞች በሚለው ክፍል የአውራ ጣት ጅማት በአንጓው በኩል የሚያልፍበት ሽፋን ማበጥ፣ የክርን ጅማት ሕመም፣ ተንበርክኮ በመሥራት የሚመጣ የጉልበት ሕመም፣ በእጅ አንጓ ውስጥ ነርቭ ሲጨመቅ የሚመጣው የካርፓል ተነል ሕመምና ሌሎችም ይገኙበታል። ኢትዮጵያ ቁጥር 155 የሆነውን የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ዝርዝሩ ግን በስምምነቱ ሳይሆን በምክረ ሐሳቡ ውስጥ ያለ ስለሆነ ፍርድ ቤትን አያስገድድም። ያሳምናል እንጂ። ይህን ልዩነት ማድበስበስ ለሠራተኛው አይጠቅመውም።

ለማሳመኛነት ሲወሰድም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአውራ ጣቱን ሕመም ሲገልጽ ዝርዝሩ ምክንያቱን ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ፣ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራና የአንጓ ከመጠን ያለፈ መታጠፍ ይለዋል። ካርፓል ተነል ላይ ሲደርስ ግን ምክንያቶቹን ዘርዝሮ «ወይም የሦስቱ ጥምረት» ብሎ ይጨርሳል። አንደኛው ላይ «ና»፣ ሁለተኛው ላይ «ወይም»። ሻይ መቀንጠስ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። ስለዚህ «ና» የምትለዋን ፊደል አጥብቆ የያዘ ተከራካሪ፣ ጉልበት የለምና በሽታው ከዝርዝሩ ውጪ ነው ሊል ነው። ይህ ከዝርዝሩ ዓላማ ጋር አይሄድም። ሐኪሞቹ ምክንያቶቹን ያስቀመጡት እንደ ወንጀል ፍሬ ነገር አንድ በአንድ እንዲሟሉ ሳይሆን ጫናው ከየት እንደሚመጣ ለማመልከት ነው። የሚላኖውም ስሌት የሚያሳየው አንዱ ሲያንስ ሌላው እንደሚያካክሰው ነው። ትንሽ ጉልበት፣ ብዙ ድግግሞሽ፣ ጥቂት ዕረፍት። የእኛ ሠንጠረዥ በሚከለስበት ጊዜ ይህች ፊደል እንዳታመልጥ አደራ እላለሁ።

ምንም አልመታኝም

ከቦንጋ ወደ ጅማ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ቀኝ እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ነበር። በወጣትነታቸው በአንድ ነጋዴ መጋዘን ለብዙ ዓመታት ቡና ሲለቅሙ፣ ማለትም ጥሬውን ከጥቁሩና ከተሰበረው ሲለዩ ኖረዋል። ለምን አላመለከቱም አልኳቸው። «ምን ብዬ ጋሼ? ምንም አልመታኝም እኮ። እጄ ነው የደከመ» አሉኝ። የአንቀጽ 97ን «ድንገት» እሳቸው አንብበውት አያውቁም። ግን እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ጉዳት ማለት የሚመታ ነገር ነው ብለው ያምናሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምንለው ለትዕግሥት ነው። በጅማት ላይም ያው ነው የሚሠራው፣ አቅጣጫው ወደ ታች ሆኖ።

እንዲህ ያለ ጉዳይ ችሎት ቢደርስ አሠሪው የሚያነሳው የመጀመሪያ መከላከያ ይታወቃል። «ይህች ሴት እኮ ቤቷም ትሠራለች። ቡና ትወቅጣለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ እንሰት ትፍቃለች።» እውነት ነው። በካፋ ቆጮ የቤት ምግብ ነው፣ እንሰት መፋቅም የክንድና የአንጓ ሥራ ነው። በተጨማሪም የካርፓል ተነል ሕመም ከስኳር በሽታ፣ ከእርግዝና፣ ከእንቅርት እጢ መዛባት ጋር ሊመጣ ይችላል። የአውራ ጣቱ ሕመም አራስ ሴቶች ላይ የተለመደ ነው። ሐኪሙ እነዚህን መጠየቅና መመርመር አለበት።

ነገር ግን አንቀጽ 98 ሥራው ብቸኛ ምክንያት ይሁን አላለም። ከሥራው ዓይነት የተነሳ ነው ያለው። በቀን ስምንት ሰዓት ለደመወዝ የተሠራውን ከቤት ሥራ ጋር አንድ ላይ ጨፍልቆ መካድ፣ ሴት ሠራተኛ ቤት ስላላት ብቻ ካሣ አታገኝም እንደማለት ነው። እዚህም ላይ ቁጥር ያድናል። ሚዛኑ 30 ኪሎ ብሎ ሲመሰክር፣ በሳምንት አንድ ቀን የተፋቀው እንሰት ምን ያህል እንደሚመዝን ዳኛው ራሱ ይፈርዳል።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ግን የቀኑ ጉዳይ ነው። አዋጁ በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ የደረሰበት ቀን የሚባለው ሠራተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ መሥራት ያቃተው ቀን፣ ወይም ሐኪም በሽታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀበት ቀን፣ ወይም ሠራተኛው በበሽታው የሞተበት ቀን ነው ይላል። ክፍያው የሚሰላው ከዚህ ቀን በፊት በነበረው አማካይ የዓመት ደመወዝ ላይ ነው። ለጊዜያዊ ጉዳት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ የቀሩት ስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶ። በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ሲደርስበት የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ፣ ጉዳቱ ከፊል ከሆነም በዚያው መጠን ያገኛል።

ጣቱ በማሽን የተቆረጠ ሰው እስከ አደጋው ቀን ሙሉ ደመወዙን ሲያገኝ ነበር። በኪሎ የምትከፈለው ለቃሚ ግን እንደዚያ አይደለችም። እጇ መድከም ሲጀምር ማንም አያውቅም፤ ሚዛኑ ግን ያውቃል። 30 የነበረው 27 ይሆናል፣ 25 ይሆናል፣ 22 ይሆናል። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ቆይታ ሐኪም ጋ ስትደርስ «የጉዳቱ ቀን» ዛሬ ነው ይባላል፣ አማካይ ደመወዟም የታመመ እጅ ያመጣው ደመወዝ ይሆናል። ጉዳቱ ራሱ ካሣውን ቀድሞ ቀንሶታል። ከ30 ወደ 22 መውረድ ማለት ከሩብ በላይ ማጣት ነው፤ አምስት እጥፍ ሲባዛ ልዩነቱ የአንድ ዓመት ከአራት ወር ደመወዝ ነው።

መፍትሔው ያለው እዚያው ድንጋጌ ውስጥ ይመስለኛል። ሕጉ የሐኪሙን ቀን ብቻ አላስቀመጠም፤ መሥራት ያቃተውን የመጀመሪያ ቀንም አስቀምጧል። የኪሎው መዝገብ ያለ ሌላ ምክንያት፣ ማለትም ያለ በጋና ያለ መስመር ለውጥ፣ ከጓደኞቿ ተለይታ መውረድ የጀመረችበትን ወር ካሳየ፣ መሥራት ማቃት የጀመረው ያኔ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። በዚህ ክርክር ግን የይርጋን ጉዳይ ማየት ግድ ነው። ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ክስ በመርህ ደረጃ በአንድ ዓመት ይታገዳል። ቀኑን ወደ ኋላ የሳበ ጠበቃ ደንበኛውን በይርጋ ሊያስቀጣት ይችላል። ስለዚህ የደመወዙን መነሻና የመክሰሻውን ጊዜ ለይቶ፣ መብቷ የሚጠየቅ የሆነው ሕመሙ ከሥራው መምጣቱን በሐኪም ካወቀች በኋላ ነው ብሎ ማቅረብ ያስፈልጋል። ችሎቶች ይህን ልዩነት ቢያጸኑት ፍትሐዊ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

የቀረው የሕክምና ቦርዱ ነው። በአንቀጽ 102 መሠረት የዘላቂ ጉዳትን መጠን የሚወስነው ሥልጣን ያለው የሕክምና ቦርድ ነው፤ በተቻለ መጠን ጉዳቱ ከደረሰ በ12 ወራት ውስጥ። ሁኔታው ከተባባሰ ወይም ምርመራው የተሳሳተ ከሆነ ውሳኔው ሊከለስ ይችላል። ቦርድ የጎደለን ጣት በቀላሉ ይቆጥራል። ሙሉ አምስት ጣት ይዛ የቀረበች፣ ግን ቁልፍ ማዞር የማትችል ሴት ፊት ሲቀመጥ ይቸገራል። ሐኪሙ አውራ ጣቷን በመዳፏ ውስጥ አስጨብጦ አንጓዋን ወደ ትንሿ ጣት በኩል ሲያዘነብለው የሚሰማት ሕመም አንድ ምልክት ነው። የነርቭ ፍጥነት ምርመራ ሌላ ነው፤ ለዚህኛው መሣሪያው ወዳለበት ሆስፒታል መላክ ያስፈልግ ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን የመጀመሪያው ሐኪም የሚጽፈው ማስታወሻ ነገሩን ሁሉ ይወስነዋል። «የእጅ ሕመም» ብሎ ከጻፈ ጉዳዩ እዚያው አለቀ። በየትኛው እጅ፣ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ለስንት ዓመት፣ ሥራ ስታቆም ሕመሙ ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም ብሎ ጠይቆ ከጻፈ ግን ቦርዱም ዳኛውም የሚይዙት ነገር ያገኛሉ። የሠራተኛ ማኅበራትም በኅብረት ስምምነት ድርድር የኪሎው ወረቀት አንድ ቅጂ በየቀኑ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ቢያስገቡ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚሠራው ግን አሠሪ ላለው ሰው ነው። አዋጁ የሚገዛው በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለን ግንኙነት ነውና፣ በካፋ ጓሮ የራሷን እንሰት የምትፍቀው፣ የቤተሰቧን ቡና የምትለቅመው ሴት አንቀጽ 97ም አንቀጽ 98ም አይመለከታትም። እጇ ሲያብጥ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ካርዷ ላይ «ሥራ» ከሚለው ትይዩ የሚጻፍላት «የቤት እመቤት» የሚል ነው።